ኳሱን የማታየው አሰልጣኝ

ስልኬ የጮኸው ዓለም ገና ላይ ከሚኒባስ ወርጄ ባጃጅ ስፈልግ ነው። ሌንሴ ነበረች። ሌንሴ ሰላምታ ሳታስቀድም ወሬ የምትጀምር ልጅ አይደለችም፤ የዚያን ዕለት ግን «አካም» እንኳን አላለችኝም። «ኮች አረፈች» አለችኝ። ባጃጁ አጠገቤ ቆሟል፤ ሾፌሩ «እህቴ፣ የት ልውሰድሽ?» ይለኛል፤ እኔ የት ልሄድ እንደነበር ጠፍቶብኛል።

በእስልምና ሥርዓት ቀብር አይዘገይምና ቡራዩ ስደርስ ወንዶቹ ቀብረው ተመልሰው ነበር። እሷ ያሰለጠነቻቸው ሴቶች ከቤተዘመዱ ጋር ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። አንዳንዶቹ ልጅ አዝለው ነው የመጡት። አንዷ ዱከም ከምትሠራበት ፋብሪካ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ደርሳለች። ማንም ኳስ የሚል ቃል አላነሳም። ያ ቤት ኳስን ያን ያህል የሚወድ ቤት እንዳልነበረ ሁላችንም እናውቃለን።

ስወጣ በር ላይ አንድ ወጣት ጠበቀኝ። የስፖርት ጋዜጠኛ ነው፤ ትሁት ልጅ ነው። ስልኩን ከፍቶ ለመጻፍ ተዘጋጀና «ምክትሏ ነበርሽ አሉኝ። ስንት ዋንጫ አግኝታለች?» አለኝ።

«አንድም» አልኩት።

«ቡድኗ የጨረሰበት ከሁሉ የተሻለ ደረጃስ?»

«ከታች ብትፈልገው ይቀልሃል።»

«ለብሔራዊ ቡድን ያስመረጠቻት ተጫዋች?»

«የለችም።»

ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተና ከልቡ ጨንቆት «ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ።

ጥያቄው ክፋት አልነበረበትም። እኔ ግን ተናደድኩ፤ እስካሁንም አልበረደልኝም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ልጅ መልስ እንዲሆን ነው። ዋንጫ የለበትም። የማይመቸው ሌላ ያንብብ።

ኮች ዘቢዳን ያወቅኳት ሰበታ ውስጥ በአንድ የቆርቆሮ ፋብሪካ የሴቶች ቡድን ነው። ፋብሪካውን ዛሬ ሌላ ሰው ገዝቶት ሌላ ነገር ያመርትበታል። ያኔ ተጫዋቾቹ ጠዋት ልምምድ ሠርተው ከሰዓት በኋላ ፋብሪካው ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ ግማሾቹ መጋዘን፣ ግማሾቹ ጽዳት፣ አንዳንዶቹም ሠራተኛው የሚመገብበት አዳራሽ። ከቡድኑ የወጣች ከሥራውም ትወጣለች። የከተማው ሰው «ቆርቆሮዎቹ» ይለን ነበር። እኔ ግብ ጠባቂ ነበርኩ፤ ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ምክትሏ አደረገችኝ።

ያኔ ሃምሳዎቹ ውስጥ ገብታለች። አጭርና ደልደል ያለች ናት፤ ሻርፗን ወደ ኋላ አስራ፣ ረጅም ቀሚሷ ላይ የስፖርት ጃኬት ደርባ ትመጣለች። አሰልጣኞች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ አትቀመጥም፤ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ መስመሩ ዳር ትቀመጥና እጆቿን ጉልበቷ ላይ ታሳርፋለች። ወላጆቿ ከስልጤ መጥተው ቡራዩ ላይ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። ስልጢኛውን ከእናቷ፣ ኦሮምኛውን ከጎረቤት፣ አማርኛውን ከትምህርት ቤት አግኝታ ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ታስኬዳቸዋለች። የአሰልጣኝነት ፈቃዷን ስትወስድ ክፍሉ ውስጥ የነበረችው ብቸኛ ሴት እሷ እንደነበረች ሌሎች ናቸው የነገሩኝ፤ እሷ አታወራውም።

አንቱ ማለት ክልክል ነበር። አንድ ቀን አዲስ የመጣች ልጅ አፍራ «አንቱ» ስትላት ልምምዱን አስቆመች። «ሜዳ ላይ አንቱ የለም» አለቻት። «‹አንቱ፣ ያቀብሉኝ› ብለሽ እስክትጨርሺ ኳሱ አልፎሻል።» አሁንም «እሷ» እያልኩ የምጽፈው ደፍሬያት አይደለም፤ ትእዛዟ ስለሆነ ነው።

ምክትሏ በሆንኩ በመጀመሪያው ጨዋታ አጠገቧ አስቀመጠችኝና «ኳሱን ተይው» አለችኝ።

«እንዴት ነው የምተወው?»

«ኳሱን የሚያይ ሰው ሞልቷል። አንቺ አንዷን ልጅ ምረጪ። እስከ ዕረፍት ዓይንሽን ከእሷ ላይ እንዳትነቅዪ። ከዚያ ምን እንደሠራች ትነግሪኛለሽ።»

የመስመር አጥቂያችንን መረጥኩ። ለዕረፍት ሲወጡ «ሁለቴ ብቻ ነው ኳስ የነካችው» አልኳት።

«የቀረውን ጊዜስ ሞታ ነበር?» አለችኝ።

ሁለተኛውን አጋማሽ እንደገና እሷኑ እንዳይ አዘዘችኝ። ቀስ በቀስ ልጅቷ ኳስ በሌለበት ስትሮጥ ተከላካይ ይዛ እንደምትሄድ፣ ለሌላዋ ቦታ እንደምትከፍት፣ ተመልሳ የኋላዋን እንደምትዘጋ አየሁ። ዓመታት የተጫወትኩት ጨዋታ ያን ዕለት አዲስ ሆነብኝ። ዘቢዳ ሜዳ ላይ ከምትጠራቸው ቃላት ሁሉ የምታዘወትረው አንድ የኦሮምኛ ቃል ነበር፤ «ኢላሊ»። እዪ ማለት ነው። ሩጪ ከማለቷ በፊት እዪ ትላለች።

አቤል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፋብሪካው ቡድኑን «ዘመናዊ ማድረግ» ፈልጎ ስታቲስቲክስ ያጠና ልጅ ቀጠረ። ከአዲስ አበባ ወጥቶ ሰበታ ኮንዶሚኒየም የተከራየ፣ ኳስ ከልቡ የሚወድ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። ልጆቹ ደረታቸው ላይ የሚያጠልቁት ጥቁር ቬስት አመጣ፤ ከጀርባው ትንሽ መሣሪያ ተሰክቶበታል። ምን ያህል እንደሮጡ፣ በምን ፍጥነት እንደሮጡ ይቆጥራል። የቀረውን፣ ማለትም ግቡን፣ ያቀበሉትን፣ የነጠቁትን፣ ራሱ ታብሌቱ ላይ ይመዘግባል። ልጆቹ መሣሪያውን «ሰላዩ» አሉት።

ዘቢዳ «መጀመሪያ እኔ ልልበሰው» አለች። ቀሚሷ ላይ አጠለቀችውና ሳጥኗ ላይ ተቀምጣ ልምምዱን እንደወትሮዋ መራች። ሲያልቅ አቤልን «ምን ይላል?» አለችው።

አቤል ታብሌቱን አይቶ ተቸገረ። «ምንም አልሠሩም ነው የሚለው» አላት። እሱ እርስዎ ማለቱን መተው አልቻለም ነበር።

«ሰማሽ ፀሐይ? ዛሬ ምንም አልሠራሁም» አለችኝና ሆዷን ይዛ ሳቀች። አቤልም ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተዋደዱ፤ ሲከራከሩ ለሚያያቸው ግን ጠላቶች ይመስሉ ነበር።

ቁጥር ትጠላ ነበር የሚሉ ሰዎች አሉ። ውሸት ነው። ቤዛ የምትባል አጥቂ ነበረችን፤ ዘቢዳ ከታዳጊነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት፣ «ቤዛ አትደክምም» እያለች የምትኮራባት። አንድ ቀን አቤል መጥቶ «ቤዛ ወደ ግራ ስትዞር ፍጥነቷ እየወረደ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነው የጀመረው። የሚያማት ነገር ያለ ይመስለኛል» አላት።

«ቤዛን እኔ ነኝ የማውቃት» አለችው።

አቤል አላፈገፈገም። «ያውቋታል። ግን ይጠይቋት» አላት።

ስትጠየቅ ቤዛ መጀመሪያ ካደች፤ ከዚያ አለቀሰች። እግሯ ታሞ ነበር፤ ቦታዬን አጣለሁ ብላ ደብቃ ነው የቆየችው። በማግስቱ ዘቢዳ ሁላችንንም ሰበሰበችን። «ቤዛን የማውቃት ስለመሰለኝ ማየት ትቼ ነበር» አለች። «እኔ ያላየሁትን አቤል አይቷል። እግዜር ይስጥልኝ በሉት።» ሰው ፊት እንዲህ ጥፋቱን ያመነ አሰልጣኝ ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያ ወዲህም አላየሁም። ቤዛ እስክትድን አረፈች፤ ቦታዋም አልተነካባትም።

ከፋብሪካው ጋር ጠብ የመጣው በሌንሴ ነው።

ሌንሴ ከዓለም ገና ወጣ ብሎ ካለ የገበሬ ቤት የመጣች፣ ከተከላካዮቹ ፊት የምትጫወት ልጅ ነበረች። ድምጿ አይሰማም። ግብ አታገባም። ለግብ የሚሆን ኳስም አታቀብልም። ብዙ አትሮጥም፤ ከሜዳው ስትወጣ መለያዋ ከሁላችንም ይልቅ ደረቅ ነው። የምትሠራው አንድ ነገር ነው፦ ተጋጣሚ ኳሱን ሊልክ ያሰበበት ቦታ ላይ ቀድማ ትቆማለች። ባላጋራዋ ቀና ስትል ሌንሴን ታያለች፤ ታስብና ኳሱን ወደ ኋላ ትመልሳለች። ሌንሴ ኳሱን አልነካችውም። የሚመዘገብ ምንም ነገር አልተፈጠረም።

የውድድሩ ዘመን ሊያልቅ ሲል ፋብሪካው ወጪ ቀንሱ አለ። ቡድኑን የሚመራው አቶ ታምራት የሚባል የአስተዳደር ኃላፊ ነበር። በአቤል ሠንጠረዥ መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለቱ ይቀነሱ ብሎ ወሰነ። አንዷ ትምህርት ልትገባ ራሷ ልትለቅ ነበር፤ ሌላዋ ሌንሴ ናት። ውሳኔው የአሰልጣኝ ፊርማ ስለሚያስፈልገው ቢሮው ጠራን፤ ዘቢዳን፣ አቤልንና እኔን።

«ለምን ሌንሴ?» አለች ዘቢዳ።

«እኔ አልመረጥኳትም። ሠንጠረዡ ነው» አላት።

«እንግዲያው ሠንጠረዡን ጥራልኝና ከእሱ ጋር ልነጋገር።»

ዘቢዳ ወደ አቤል ዞረች። «አቤል፣ ሌንሴ ስላለች ሳይሞከር የቀረ ኳስ አለ። እሱ የት ነው የተጻፈው?»

«ያልተሞከረ ኳስ አይመዘገብም» አለ አቤል። ከዚያ ወደ ታምራት ዞሮ «ለእሷ ቦታ ይህ ሠንጠረዥ አይበቃም ብዬ ነግሬዎታለሁ» አለው። ይህን ሲል ገና ቋሚ ሠራተኛ እንኳን አልሆነም ነበር።

«ሌላ መለኪያ ካላችሁ አምጡልኛ» አለ ታምራት።

«እኔ የሱቅ ልጅ ነኝ» አለች ዘቢዳ። «ሜትር ንቄ አላውቅም፤ ያሳደገኝ ሜትር ነው። ግን ሜትሩ የሚነግርህ የጨርቁን ርዝመት ነው። ቀለሙ ይልቀቅ አይልቀቅ አይነግርህም። እሱን በእጅህ ታሸዋለህ፣ ብርሃን ላይ ታወጣዋለህ፣ ታየዋለህ። አንተ ሌንሴን አይተሃት ታውቃለህ?»

«ጨዋታ ላይ እገኛለሁ።»

«መኪናህ ውስጥ ሆነህ ስልክ ታወራለህ። አንድም ጨዋታ ከፊሽካ እስከ ፊሽካ አላየህም።»

«ሥራ ይበዛብኛል፣ ዘቢዳ።»

«ሰው ከእንጀራው ለማንሳት ጊዜ ካገኘህ፣ ለማየትም ታገኛለህ» አለችው። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ሱሉልታ ላይ ጨዋታ አለን። አጠገቤ ተቀመጥና እይ። ከዚያ እንነጋገራለን።»

ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። መጣ።

ሱሉልታ ያን ቀን ንፋሱ ሰው ይጥላል። ከሜዳው ባሻገር ሯጮች ተሰልፈው ልምምድ ይሠራሉ፤ እኛ ኮፍያችንን ይዘን እንንቀጠቀጣለን። ዘቢዳ ለታምራት ሁለተኛ ሳጥን ገልብጣ አስቀመጠችው። «ዛሬ ኳሱን ማየት አይፈቀድልህም» አለችው። «ሌንሴን ብቻ ነው የምታየው።»

መጀመሪያ አልቻለም። ኳሱ ወደ ግብ በሄደ ቁጥር አንገቱ ይዞራል፤ እሷም ጉልበቱን በጣቷ መታ መታ ታደርግና «ኢላሊ» ትለዋለች። ተበሳጨ። ሰዓቱን አየ። የተጋጣሚዎቻችን መሀል ሜዳ ላይ አንዲት ረጅም፣ ኳስ አያያዟ የሚያምር ልጅ ነበረች፤ ጨዋታው በሙሉ በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው። ኳሱን ተቀብላ ዞረች፤ ቀና አለች፤ ወደ ኋላ መለሰችው። ደግማ ተቀበለች፤ ደግማ መለሰችው።

«ለምንድነው የምትመልሰው? ፊቷ ክፍት ነው እኮ» አለ ታምራት።

«ክፍት የሆነው ለአንተ ነው። እሷ ማንን አየች?»

የልጅቷን ዓይን ተከትሎ ተመለከተ። ከዚያ «ሌንሴን» አለ።

ከዚያ በኋላ ጉልበቱን መምታት አላስፈለገም። ሌንሴ በእጇ የግራ ተከላካያችንን ወደ ውስጥ ስትጠራ፣ ራሷ ሁለት እርምጃ ሸሸት ስትል፣ ያቺ ረጅም ልጅ ተናድዳ ኳሱን ወደ ሜዳው ጠርዝ ስትልከው፣ ታምራት ሁሉንም አየ። አንድ ጊዜ ማንም ሳይጠይቀው «አሁን ወደ ቀኝ ትሄዳለች» አለ፤ ሌንሴም ወደ ቀኝ ሄደች። ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ አልረሳውም፤ ገና ማንበብ የቻለ ሰው ይመስል ነበር።

ተሸነፍን። ከማእዘን የተሻገረ ኳስ ከግብ ጠባቂያችን እጅ አምልጦ ገባ፤ አንድ ለዜሮ። ከሌንሴ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም።

ሰው ሲበተን ታምራት ከሳጥኑ አልተነሳም። «አየሁ» አላት።

«ታዲያስ?»

«አየሁ፤ ግን ቦርዱ ፊት ቀርቤ ‹አየሁ› ልል አልችልም። ሠንጠረዡን አሳያለሁ፤ ዓይኔን ላሳያቸው አልችልም። ደግሞ ተሸንፋችኋል።»

ዘቢዳ ለረጅም ጊዜ አየችው። የጠላችው አይመስለኝም። «ያየኸውን ካልመሰከርክ ዓይን ምን ያደርግልሃል?» አለችው።

«ፈርሚና ይለቅ። ለአንዲት ልጅ ብለሽ ሥራሽን አትጪ።»

«በእኔ ፊርማ አትወጣም። የግድ ልታስወጣት ከሆነ ከእሷ በፊት የእኔን ስም ጻፍ።»

ጻፈ። እሷና ሌንሴ በአንድ ቀን ወጡ።

ልጆቹን ለመሰናበት ስትመጣ የመልበሻ ክፍሉ በለቅሶ ተሞላ። አብዛኞቹ አብረንሽ እንወጣለን አሉ። ተቆጣች። «ማንም እንዳይከተለኝ። እንጀራችሁ እዚህ ነው። እምቢ ያልኩት ሰው ከእንጀራው እንዳይነሳ ነው፤ እናንተ ተነስታችሁ ልታዋርዱኝ ነው?» አለች። ለእኔ ደግሞ ለብቻዬ «አንቺ ቆዪ። የሚያያቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል» አለችኝ።

ቆየሁ፤ ግን ብዙም አልቆየሁም። የሚቀጥለው የውድድር ዘመን ሳያልቅ ቦርዱ ሌላ ሠንጠረዥ፣ የፋብሪካውን የገቢና የወጪ፣ አየ፤ በዚያኛው መጨረሻ ላይ የነበረው ቡድኑ ራሱ ነው። ፈረስን። ታምራትም ከእኛ ጋር በአንድ ሰሞን ከሥራ ወጣ። ለገጣፎ አካባቢ የግንባታ ዕቃ ይሸጣል ብለው ነገሩኝ።

እኔና ከልጆቹ ጥቂቶቹ ቡራዩ ሄድን። ዘቢዳ እዚያ ከቤቷ ብዙ በማይርቅ ድንጋያማ ሜዳ ላይ ሥራ ጀምራ ነበር። ሌንሴ አለች። የሱቅ ልጆች አሉ፤ ባጃጅ የምትነዳ አንዲት ልጅ አለች፤ እናቷ ሳታውቅ የምትመጣ ተማሪ አለች። መለያችን ሦስት ዓይነት ቀለም ነበር። ብዙ ተሸነፍን። አንድ ጊዜ ስድስት ገብቶብን ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ማንም አይናገርም፤ ዘቢዳ ከፊት ወንበር ዞራ «ሰባተኛውን ማን አዳነው?» አለች። እያንዳንዷ ልጅ ማስታወስ ጀመረች። ቡራዩ እስክንደርስ በዚያ ስድስት ለዜሮ ጨዋታ ውስጥ ስለተሠሩ ጥሩ ነገሮች ስንከራከር ነበር።

አቤልም ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ጀመረ። ማንም አልጠራውም። ሌላ ሥራ ይዞ ነበር፤ የሌንሴ ነገር ግን አልለቀቀውም። ተጋጣሚ ቀና ብላ አይታ ኳሱን የመለሰችባቸውን ጊዜያት ሊቆጥር ተነሳ፤ ከዘቢዳ ጎን ተቀምጦ ይጽፋል፣ ያርማል፣ ይከራከራታል። እሷም «ይህን ልትጽፍ አጎንብሰህ ሌላ አመለጠህ» እያለች ታበሳጨዋለች። ከወራት በኋላ እየሮጠ መጣ። «በአዲሱ አቆጣጠር ሌንሴ አንደኛ ወጣች» አላት።

ደስ ይላታል ብዬ ጠበቅኩ። «ጎበዝ» አለችው፤ ቀጠለችና «አሁን ደግሞ መጨረሻ የወጣችውን ልታባርርልኝ ነው?» አለችው።

አቤል ክው አለ። ከዚያ ታብሌቱን አጥፍቶ «መጨረሻ የወጣችዋን አብረን እንያት» አላት። ያን ቅዳሜ ሙሉ ሲያዩዋት ዋሉ።

ሁልጊዜ ልክ ነበረች አልልም። አንድ የከተማ ክለብ ስለ ሌንሴ ሰምቶ ቪዲዮና ቁጥሯን ላኩልን ብሎ ነበር። ዘቢዳ «መጥታችሁ እዩአት» ብላ መለሰች። አልመጡም። ሌንሴ ይህን ስትሰማ ተቆጣች፤ እንደዚያ ቀን ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። «ኮች፣ ቢላክ ምን ነበረበት? ሕይወቱ የእኔ ነው» አለቻት። ዘቢዳ «ልክ ነሽ። ሳልጠይቅሽ አንቺን ወክዬ እምቢ አልኩ» አለቻት። በዚያው ሳምንት አቤል ቪዲዮውን ሠርቶ ላከ። መልስ አልመጣም። ቀድሞ ቢላክ ይመጣ እንደነበር ማን ያውቃል። ሌንሴ ግን አልሄደችም፤ ዛሬ ትንንሾቹን የምታሰለጥነው እሷ ናት።

ዘቢዳን የወሰዳት ስኳር ነው፤ ኩላሊቷ ላይ ደርሶ። ሆስፒታል ስንጠይቃት ስለ ሕመሟ አታወራም፤ የቅዳሜውን ጨዋታ ነው የምትጠይቀን። ስንት ለስንት ብላ ግን አልጠየቀችም። ማን ተሻሻለች፣ ማን ፈራች፣ ማን ለማን ቦታ ለቀቀች ነው የምትለው።

ከለቅሶው በኋላ በነበረው ቅዳሜ ሜዳው ላይ ተገናኘን። ልምምድ ይኑር አይኑር ማንም አልተነጋገረም፤ ሁላችንም መጣን። ሌንሴ ልጆቹን ለሁለት ከፍላ ማጫወት ጀመረች። ትንሽ ቆይቶ አንድ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ በመንገዱ ቀስ እያሉ መጡ። የዘቢዳ ታላቅ ወንድም ሐጂ ከድር ናቸው። የእህታቸውን ኳስ መጫወት ሐጂ አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። በእሱ የተነሳ ዓመታት ሳይነጋገሩ ኖረዋል። በኋላ ታርቀዋል፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን ሜዳ መጥተው አያውቁም።

ተነስቼ ተቀበልኳቸው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ልጆቹን በዓይናቸው እየቃኙ «ዘቢዳ ሥራዋን ያጣችላት ልጅ የትኛዋ ናት?» አሉኝ።

ሌንሴ እኛ ፊት ነበረች፤ እየተጫወተችም እያሰለጠነችም። በጣቴ ማሳየት ይቀለኝ ነበር። «ይቀመጡና ይዩ፣ ሐጂ» አልኳቸው።

ድንጋይ ላይ ነጠላዬን አንጥፌላቸው ተቀመጡ። ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ልጆቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ። ኳሱ አጠገባቸው አልፎ ሲወጣም አላዩትም። በመጨረሻ ከዘራውን አንስተው ጠቆሙ። «ያቺ ናት?»

የጠቆሙት ሌንሴን አልነበረም። በግራ በኩል የቆመች፣ ከመጣች ብዙ ያልቆየች ነኢማ የምትባል ቀጭን ልጅ ናት። እኔ ራሴ ልብ ብዬ አይቻት አላውቅም ነበር።

«አይደለችም፣ ሐጂ። እሷን ለምን መረጡ?»

«ሌሎቹ የሚዞሩት ኳሱ ሲመጣ ነው። ይህቺ ሳይመጣ ዞራ ከኋላዋ ማን እንዳለ ታያለች» አሉኝ። ቀጥለውም «ዘቢዳም እንዲህ ነበር የምትጫወተው» አሉ።

«ስትጫወት አይተዋታል?»

«ልጅ ሆና ከሱቃችን ጀርባ ከወንዶች ጋር ትጫወት ነበር። ጨርቅ የምናስቀምጥበት ክፍል በዚያ በኩል መስኮት አለው። ልቆጣት እነሳና መስኮቱ ጋ ስደርስ እቆማለሁ። ጨዋታው እስኪያልቅ አያለሁ። ሲያልቅ እወጣና እቆጣታለሁ።»

«ነግረዋት ያውቃሉ?»

«አልነገርኳትም» አሉ።

ልጠይቃቸው የፈለግኩት ብዙ ነበር። ነኢማ ደግሞ ያኔ አንዴ ወደ ኋላዋ ዞራ አየችና ወደ ውስጥ ጠጋ አለች። ሐጂ በድንጋዩ ላይ ወደፊት ተሳቡ።

«ቆይ ልጄ» አሉኝ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ «ልያት።»